ወጣ ያልኩት እባብ

የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነውን ልጥራ። አከራያችን ነበረች፣ በትልቁ ቤት በረንዳ ላይ፣ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርባ። ባለቤቷ ጋሼ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከእኛ ክፍል ቀጥላ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ነበረች፣ የስፌት መኪናዋን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም እያሳጠረች። እኔ ነበርኩ፣ ከለቅሶ መመለሴ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ። ልጄ በኋላ ከኮሌጅ መጣች። ሦስት እባቦችም ነበሩ። ከሦስቱ ሁለቱ በሕይወት ነበሩ።

አከራያችንን ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» ነበር የምላት። እዚህ ግን አልላትም። ወረቀቱ የእኔ ነው።

እባቦቹ የልጄ ናቸው። ያኔ የእንስሳት ጤና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ለቡ በኩል የአንድ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ድንጋይ ሥር ተጠቅልለው ተገኙ፤ ሠራተኞቹ በአካፋ ሊጨርሷቸው ሲሉ እሷ በዚያ ስታልፍ ደረሰች። እንዴት እንደለመነቻቸው አላውቅም። በደብተር ቦርሳዋ ይዛቸው ታክሲ ገባች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ «ምን ይዘሽ ነው እንዲህ አቅፈሽ የምትሄጂው?» ቢላት «የቤት ሥራዬን» አለችው። እውነቷን ነበር።

የቤት እባብ ይባላሉ። መርዝ የላቸውም። ቡናማ ናቸው፣ ትልቁ እንደ አውራ ጣቴ ይወፍራል። የሚበሉት አይጥ ነው፤ አይጡን ልጄ ከኮሌጁ ታመጣለች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አይጥ ስለምፈራ አይጥ የሚበላ ፍጥረት ቤቴ መግባቱን ያን ያህል አልጠላሁትም። የጠላሁት ኃላፊነቱን ነው። እኔ ከቤት ስወጣ ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ። አሁን ደግሞ የሦስት እባብ ነፍስ ተጨመረብኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የልጄ የመመረቂያ ጥናት እባብ የበላውን በምን ያህል ሙቀት በስንት ቀን እንደሚፈጭ የሚል ነበር። መምህሯ ሦስት እንድትይዝ ፈቀደላት፤ አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይበቁሻል፣ በአንድ ብቻ ግን ጥናት አይሆንም፣ ዓመቱን ትደግሚያለሽ አላት። እስከ ነሐሴ መጨረሻ መቆየት ነበረባቸው። እሷ ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ ለተግባር ልምምድ ትውላለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምትመለሰው። እኔ ቤት ውስጥ ለሰው ሽሮና በርበሬ ስለማዘጋጅ አልወጣም። ስለዚህ ሙቀቱ የእኔ ሥራ ሆነ።

አከራያችንን አስፈቅደን ነው ያስገባናቸው፤ ይህን አስምሬ እጽፋለሁ። አንዲት የምትታለብ ላም ነበረቻት፤ ጡቷ አብጦ ወተቷ ደም ሲሆን ልጄ ነች ያዳነቻት። ላሟ የዳነች ቀን አከራያችን ልጄን ግንባሯን ሳመቻትና «ከእንግዲህ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ እምቢ አልልሽም» አለች። ልጄም ጠየቀቻት። አከራያችን ሳቀች። «እንኳን ሦስት እባብ፣ ዘንዶም ብታመጪ!» አለች። ልብስ ሰፊዋ ምስክር ናት። ልብስ ሰፊዋ ከሆሳዕና የመጣች ጴንጤ ናት፤ እሷ በሰማች ጊዜ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ክፍሏ ገብታ ዘጋች፣ ሦስት ቀን እየጸለየች ነው በራችንን ያለፈችው። በአራተኛው ቀን መጥታ በመስታወቱ አየቻቸው። «ይሄን ነው እንዴ የፈራሁት?» አለችና ከዚያ ወዲህ ጸሎቷ ለራሷ ሆነ።

የምንኖርበት መካኒሳ ከወንዙ ወደላይ ያለ ግቢ ነው። የእኛ ክፍል ሰርቪስ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፀሐይ የማይነካው። ክረምት ላይ ግድግዳው ያልባል። ጠዋት ስነሳ እግሬ ወለሉን ከነካበት ጀምሮ ብርዱ እስከ ጉልበቴ ይወጣል። ልጄ ከኮሌጁ ሦስት የክትባት መያዣ የፎም ሳጥን ለምና አመጣች። ፊታቸውን ቆርጠን መስታወት አስገባን። ከዚያ የድሮውን ቢጫ አምፖል ፍለጋ ሄድኩ። አሁን ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው ነጩን ነው፣ እሱ ያበራል እንጂ አያሞቅም። መርካቶ አንድ ሽማግሌ ከሱቁ ጓዳ አቧራ የጠጣ ካርቶን አውጥቶ «ጫጩት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ እባብ ብል የሚሸጥልኝ አልመሰለኝም።

ጫጩት ማለቴ ግን ከአፌ ብቻ አልነበረም። ከዓመታት በፊት የአንድ ቀን ጫጩት እያሳደግኩ እሸጥ ነበር። ሙቀት አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ልጄ ከወጣች በኋላ ብርዱ ሲብስብኝ አምፖሎቹን ከዳር አንስቼ መሀል ሰቀልኳቸው፣ ሳጥኖቹን በብርድ ልብስ ዙሪያቸውን ጠቀለልኳቸው፣ እንደ ጫጩቶቼ። ልጄ ስትመጣ መስታወቱ ላብ በላብ ሆኖ እባቦቹ አፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል።

«እማ! ምን አድርገሻቸው ነው?»

«አሙቄያቸው ነዋ።»

«እየቀቀልሻቸው ነው እኮ! ጫጩት አይደሉም። ጫጩት ሲሞቀው ይንጫጫል፣ ትሰሚዋለሽ። እነዚህ ዝም ብለው ነው የሚሞቱት።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ልጄ ስታስተምረኝ ግን አትቸኩልም። እባብ የራሱ ሙቀት የለውም አለችኝ። የሳጥኑ አንድ ዳር ይሞቃል፣ ሌላው ዳር ቀዝቀዝ ይላል፤ እሱ ሲበርደው ወደሞቀው ይሄዳል፣ ሲበቃው ይመለሳል፣ ስለዚህ መሸሻ አትከልክዪው። ከበላ በኋላ ግን ካልሞቀው የበላው ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል፣ እሱን ራሱን ይገድለዋል። ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችልኝ፤ የሞቀው ዳር ሠላሳ፣ የቀዘቀዘው ሃያ አራት። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ቴርሞሜትሩን በቀን ሃያ ጊዜ አያለሁ።

ሐምሌ ሲገባ መብራት መጥፋት ጀመረ። በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። እንዲህ በሰዓቱ የሚጠፋ መብራት ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። አላጠራጠረኝም። የሚጠፋ መብራት ለምደን ነው የምንኖረው። በዚያ ላይ አከራያችን ራሷ እየመጣች ትነግረኝ ነበር። «ዛሬም ሄደ፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው» ትለኛለች፣ አንገቷን እየነቀነቀች። አንዳንድ ቀን «ሻማ አለሽ እንዴ? ለማታ ይሆነኛል» ትላለች። እሰጣት ነበር። አምስት ይሁን ስድስት ሻማ ሰጥቻታለሁ፤ አንዱን ከእጄ ስትቀበል «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ደግ ነሽ» ብላኛለች። ከእባቡ ይልቅ ይህችን ምርቃት ነው የማስታውሰው።

መብራት ሲጠፋ ሥራዬ ይጀምራል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላለሁ፤ ክፍል ውስጥ ከሰል አላስገባም፣ ሰው ይገድላል። ውሃ አፈላና ትንሽ በረድ ሲል በፕላስቲክ ጠርሙስ እሞላለሁ። ጠርሙሱን የልጄን አሮጌ ካልሲ አለብሰዋለሁ፤ ራቁቱን ከገባ ቆዳቸውን ያቃጥላል። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ፣ በሞቀው ዳር። በአንድ ሰዓት ተኩሉ እቀይራለሁ። ዝናብ ከሰሉን ያጠፋብኛል፣ እንደገና አቀጣጥላለሁ። እጄ ተሰነጣጠቀ። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ ሠላሳ አይደርስም፤ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። ከሦስቱ ትንሹ በሐምሌ መጨረሻ አፉን ከፈት እያደረገ መተንፈስ ጀመረ። ልጄ ሰማችውና ፊቷ ተለወጠ። «ሳንባው ነው» አለች። «አንድ ቀን እንኳን በደንብ ሳይሞቀው መዋል የለበትም።»

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ቀን ትንሹ በበላ በማግስቱ ነበር። ሁለቱ አልበሉም ነበር፣ ተራቸው አልደረሰም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የዕድራችን አባል ባሏ ሞተባትና መቅረት የማልችልበት ቀብር ሆነ። ጠርሙሶቹን ሞልቼ፣ አምፖሎቹ መብራታቸውን አይቼ፣ ጥቁሬን ለብሼ ስወጣ አከራያችንን በረንዳዋ ላይ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ቀብር ልሄድ ነው። ትንሹ ትናንት በልቷል፣ ዛሬ ከበረደው ይሞትብናል። መብራት እንዳይጠፋ ብቻ እየለመንኩ ነው የምሄደው።»

«ሂጂ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «ዛሬ እንኳን አይጠፋም።»

እንዴት አወቁ አላልኳትም። መርቄያት ሄድኩ።

በሩን ቆልፌ ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለኝም። ሰው ገብቶ ሳጥን ይከፍታል ብዬ ፈርቼ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ይዤው ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ መብራት ሲጠፋ ጠርሙስ ልትቀይርልኝ መጥታ በሩን አንኳኩታ ተመልሳለች። በጥንቃቄዬ የተነሳ የሚረዳው ሰው ደጅ ቆመ። ነገር ግን የእኔ ጥፋት የእኔ ነው፤ የአከራያችንን ጥፋት አያጠፋልኝም።

የተመለስኩት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ዝናቡ አባርቷል። በሩን ስከፍት አምፖሎቹ ጠፍተዋል። ጠርሙሶቹን ነካሁ፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ። ሁለቱ እባቦች ክብ ሠርተው ተኝተዋል፣ ስነካቸው ዘግይተው ተንቀሳቀሱ። ትንሹ ተዘርግቶ ነበር። ሳነሳው ከሁለቱም ጫፍ ወደ ታች ወረደ፣ እንደ እርጥብ ገመድ። ሆዱ መሀል ላይ የትናንቱ ምግብ አሁንም ያበጠ ነው። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ደረቴ ላይ አቀፍኩት፣ የእኔ ገላ ያሞቀው ይሆን ብዬ ይመስለኛል። እንደዚያ እንዳቀፍኩት ወደ ግቢው ወጣሁ።

አከራያችን በረንዳዋ ላይ ነበረች።

«መጣሽ? እግዜር ያጽናችሁ። መብራት እኮ ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነው። ሻማ አለሽ?»

ከሳሎን የጋሼ ድምፅ መጣ፣ ጆሮው የደከመ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ።

«አንቺ! ድምፁን ጨምሪልኝ እንጂ! ሰውየው ምን እንዳለ አልሰማሁም!»

የልብስ ሰፊዋ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። መኪናው ዝም አለ። በመጋረጃው በኩል የቴሌቪዥን ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ።

«ሬዲዮ ነው» አለች አከራያችን። «በባትሪ የሚሠራ።»

«ምስሉም እየተንቀጠቀጠ ነው!» አሉ ጋሼ።

ልብስ ሰፊዋ በዩኒፎርሙ አፏን ያዘች። እኔ አልሳቅኩም። የሰርቪሱ መስመር ከትልቁ ቤት እንደሚመጣ፣ መስመራችንን የሚያጠፋው ብሬከርም ከሳሎኑ በር ጀርባ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። አከራያችን ቆጣሪው ሲሮጥ ልቤ ይሮጣል ስትል ሰምቻት ነበር፤ ጨዋታ መስሎኝ። እኛ ተደብቀን በኤሌክትሪክ ምድጃ የምናበስል መስሏት በየቀኑ ስታጠፋብን ከርማለች። ያን ቀን ግን ምን መሰላት? ያን ቀን ለምኛታለሁ። ይሞትብናል ብያታለሁ።

ልጮህ ነበር። ግን እኔ በጣም ስናደድ ድምፄ የሚወርድ ሰው ነኝ።

«እትዬ፣ አንዱ የለም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ከእባቦቹ አንዱ። ሳጥኑ ውስጥ የለም።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም፤ ደረቴ ላይ ነበር።

«የለም ማለት ምን ማለት ነው? የት ይሄዳል?»

«እንጃ። እባብ ሲበርደው ሙቀት ወዳለበት ነው የሚሄደው። መብራት ያለበት ቤት ፈልጎ ይገባል።»

«ሰፈሩ ሁሉ መብራት የ...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

«እንግዲያው የት እንደገባ አላውቅም» አልኩ።

ቀስ ብላ ዞራ በሯን አየች። ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከዚያ እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸች፦ «አንተ! እግርህን ወንበር ላይ አውጣ! እግርህን አውጣ እልሃለሁ!»

«እ? ጀመረ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

ልጄ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ ትንሹን ፎጣ ላይ አስተኝቼው ነበር። አላለቀሰችም መጀመሪያ። መዘነችው፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። «ሁለት ቀሩ» አለች። «እማ፣ ከእንግዲህ አንዱ ከሞተ አለቀልኝ።» ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እንደ ሕፃንነቷ። በማግስቱ በቆርቆሮ ሳጥን ይዛው ኮሌጅ ሄደች፤ መምህሯ ሲከፍተው የበላው እንዳለ ሆዱ ውስጥ አገኘው።

ለአከራያችን ያልኩትን ግን ለልጄ አልነገርኳትም።

ጠዋት አከራያችን በሌሊት ልብስና በቦቲ ጫማ መጣች። እንቅልፍ እንዳላየች ታስታውቃለች።

«ዛሬውኑ ይዛችሁ ውጡልኝ!»

«እንወጣለን እትዬ» አልኳት። «ችግሩ የጠፋውን መያዝ የምትችለው ልጄ ብቻ ነች። እኛ ከሄድን እሱ እዚሁ ከእርስዎ ጋር ይቀራል።»

ወደ ትልቁ ቤት ዞራ አየች።

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«የእኛ ክፍል ከእርስዎ ቤት ይልቅ ከሞቀ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። የእርስዎ ቤት ከሞቀ ግን፣ ምን ብሎ ይወጣል?»

«ፍሪጁስ?»

«ከሥሩ ሞተር አለው አይደል? ይሞቃል።»

«ቴሌቪዥኑስ?»

«እሱም ከጀርባው።»

«አልጋስ?»

«አልጋማ ከሁሉ ይበልጣል እትዬ። ሰው የተኛበት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራታችን አንድም ቀን አልጠፋም። ብሬከሩን በፕላስተር ለጥፋዋለች፣ ማንም እንዳይነካው፤ ራሷም እንዳትረሳ። እውነተኛው መብራት ሲጠፋ ደግሞ እየሮጠች መጥታ «እኔ አይደለሁም! ሰፈሩ ነው! ውጪና እይው!» ትለኝ ነበር። ወጥቼ አይ ነበር። እሷን አስቁሜ ሩቅ ያለው ሱቅ ድረስ ሄጄ አይቼ እመለስ ነበር፣ ቀስ ብዬ።

የሞቀው ዳር ሠላሳ፣ የቀዘቀዘው ሃያ አራት። ሁለቱ እባቦች መብላት ጀመሩ፣ ቆዳቸውን ለወጡ። ትልቁ ቤት ግን ቀዘቀዘ። ፍሪጁ ተነቀለ። ቴሌቪዥኑ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። ብርድ ልብሶቹን ሁሉ አውጥታ እያራገፈች ደጅ አሰጣች፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ሲረጥቡ ደግሞ መልሳ ማስገባት ፈራች። በሮቹ ሥር ፌጦ በተነች፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ በየማዕዘኑ አደረገች፤ በግቢው ያለፈ ሰው ሁሉ ምን እየተሠራ ነው ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሰፍታ ልታስረክባት ገብታ ያየችውን ትነግረኛለች። «የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው አሉ የምትተኛው። በአንሶላ ብቻ።» ከዚያ ዓይኔን አየችኝ። «እህቴ፣ እውነት ወጥቷል?» አለችኝ። ወደ ቴርሞሜትሩ ዞሬ ቁጥሩን አየሁ። «ተይው» አለች። «እኔ ጌታን የተቀበልኩ ነኝ፣ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም።»

ጠዋት ጠዋት በመስኮት አያት ነበር። ሹራብ እቆጥራለሁ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ በላዩ ካፖርት። አፍንጫዋ ቀልቷል። እጇን እያሻሸች ላሟ ዘንድ ትሄድና ላሟን ተጠግታ ትቆማለች። ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍም ደስ ይለኛል። ደስ አላለኝም ብል ልጄም አታምነኝም።

ያልተመቸኝ የጋሼ ነገር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው በራችን ላይ ቆሙ። «እዚህ ይሞቃል አሉ» አሉ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሳጥኖቹ አጠገብ ተቀመጡ። እባቦቹን ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ያኛው ሞቷል አይደል?» አሉ፣ በዚያ በሚጮኸው ድምፃቸው።

ደንግጬ ወደ ደጅ አየሁ። «ቀስ ይበሉ ጋሼ!»

«ቀስ ብዬ እኮ ነው!» አሉ፣ የባሰ ጮኸው። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። «ያን ቀን ስትጮህብኝ ተነስቼ በመስኮት አይቻለሁ። ጭራው ከነጠላሽ ሥር ወጥቶ ነበር። የደከመው ጆሮዬ ነው፣ ዓይኔ አይደለም።»

«ይነግሯታል?»

ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «ስንት ዓመት ተይ አልኳት። ከእናንተ በፊት የነበሩትም ሕፃን ይዘው ጨለማ ውስጥ ውለዋል። አልሰማችኝም። ካልሲ ያለበሽውን ያን ጠርሙስ ግን አንድ ስጪኝ፣ እግሬ ሞተ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሦስት ጠርሙስ እሞላ ነበር፤ ሁለት መብራት ቢጠፋ ብዬ ለእባቦቹ፣ አንድ ለጋሼ። በጋቢያቸው ሥር ደብቀው ይዘው ይሄዳሉ። ማሳል ጀምረው ነበር። ሳላቸውን ስሰማ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ እሷ ብቅ ትላለች፣ «የኔ እህት፣ እሱስ ብቅ አላለም?» ትለኛለች፣ ሐሳቤም ይመለሳል። የኔ እህት! ሻማዬን ስትቀበል የነበራት ድምፅ ነው።

ልጄ ያወቀችው ቧንቧው ላይ ነው። ፊቷን ስትታጠብ አከራያችን ተጠጋቻት።

«ልጄ፣ ያ የጠፋው ምን ደረሰ?»

«የጠ...?» አለች ልጄ። እኔን አየችኝ። እኔ ባልዲውን አየሁ። ልጄ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። «ገና አልተመለሰም» አለች ከፎጣው ውስጥ።

ክፍል ስንገባ በሩን ዘጋችው።

«እማ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ምንም። እንዲሞቃቸው ነው ያደረግሁት። ቁጥሩን እይው፣ ሠላሳ ነው።»

«ጋሼ እያሳሉ ነው። ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ነው የምትተኛው።»

«የእኔ ልጅ ዓመት ከምትደግም እሷ ጠረጴዛ ላይ ትተኛ።»

«ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?»

ይህን ጥያቄ አልመለስኩላትም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ለእሷ ነበር፣ በኋላ ለራሴ ሆነ፣ የተለወጠበትንም ቀን አላስታውስም። ሁለታችን ተስማማን፤ ጥናቷን አስረክባ ባለፈች ቀን ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። ማልኩላት። ለልጄ በሐሰት ምዬላት አላውቅም ነበር።

አለፈች። መምህሯ ራሱ መጥቶ ሁለቱን እባቦች አይቶ፣ የሰቀልኩትን አምፖል፣ ካልሲ የለበሰውን ጠርሙስ አይቶ «ይሄን ማን ሠራው?» አለ። «እናቴ» አለች። እባቦቹን ኮሌጁ ወሰዳቸው። በመስከረም ጀሞ ክፍል አገኘንና ዕቃችንን ጫንን። አከራያችን በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ በፀሐይ፣ በካፖርት።

«ልትሄዱ ነው? እሱስ? እንዲህ ጥላችሁብኝ?»

ልጄ መኪናው አጠገብ ቆማ ታየኛለች። አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ያን ጊዜ አከራያችን ቀጠለች፦ «እኔስ ምን በደልኳችሁ? አንድ ቀን እንኳን ክፉ ነገር አድርጌባችሁ አላውቅም።»

«ሙቀት ሲገባ ይወጣ ይሆናል እትዬ» አልኳትና መኪናው ላይ ወጣሁ።

ልጄ እስከ ጀሞ አላናገረችኝም።

ያ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ አሁን የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ዘንድ ትዞራለች። በዓል በመጣ ቁጥር፣ አብረን ቁጭ ስንል፣ አንድ ጊዜ ትጠይቀኛለች፦ «ነገርሻት?» ባለፈው ዓመት ልነግራት ሄድኩ። ግቢው የለም። አጥሩ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ውስጡ እየተቆፈረ ነው። ልብስ ሰፊዋም ከእኛ በኋላ ወጥታ አገሯ ገብታለች። ጥበቃውን ብጠይቀው ባለቤቶቹ ቤቱን ሸጠው ሄዱ አለኝ፣ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። የሰፈሩ ባለሱቅም አንዴ ወደ ልጃቸው ነው ይላል፣ አንዴ ገጠር ነው ይላል።

ቂሜ አልወጣልኝም። ባገኛት መጀመሪያ የምላት ስለ ሻማዎቹ ነው፣ ይቅርታ አይደለም። ቀጥሎ ግን እባቡ ያኔውኑ ሞቶ እንደነበር እነግራታለሁ፣ ምያለሁና። የጋሼ ሳል እንዴት እንደሆነም እጠይቃታለሁ።

ስለዚህ መካኒሳ ከወንዙ በላይ፣ አንድ ላም የነበራት፣ ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ፣ ሰርቪስ ታከራይ የነበረች ሴት የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።